ቁናው ሳይሞላ ምራቂ፦ ፕሮግራሞች ዳታ ሲቀባበሉ የሚጠፋው ነገር

ባለፈው ዓመት ነው። ኮምቦልቻ የእህል መጋዘን ያላቸው አንድ ሐጂ ደወሉልኝ። የሒሳብ ፕሮግራም ቀይረው ነበር። ከድሮው ዳታ አውጥቶ አዲሱ ውስጥ የሚያስገባ ልጅ መጥቶ፣ ሠርቶላቸው፣ «ጨርሻለሁ» ብሎ ሄዷል። «አሁን ግን ባለዕዳዎቼ በሙሉ ዱቤ ከወሰዱ ሰባት ዓመት አልፏቸዋል ይለኛል። የአምናው ደንበኛዬ ሳይቀር! ና እስቲ እየው የኔ ልጅ» አሉኝ። አብሽሩ ብያቸው ከደሴ ሐረጎን ቁልቁል ወረድኩ።

ችግሩን ያገኘሁት ከገባው ዳታ አይደለም፤ ካልገባው ነው። አዲሱ ፕሮግራም የ2016 ዓ.ም. መዝገብ ሲቀበል 11 መስመሮችን «ቀኑ ትክክል አይደለም» ብሎ ጥሏቸዋል። ከሺህ በላይ መስመር ውስጥ 11 ምን አላት ብሎ ልጁ አልፏታል። እኔ አንድ በአንድ አየኋቸው። ዘጠኙ የጳጉሜ ናቸው፤ 2016-13-02፣ 2016-13-05 እያሉ ይሄዳሉ። ሁለቱ የጥቅምት 30 ናቸው፤ 2016-02-30 ይላሉ።

የድሮው ፕሮግራም ቀኑን የጻፈው በኛ አቆጣጠር ነው። የጻፈበት ቅርጽ ግን የዓለም አቀፉ ነው፦ መጀመሪያ ዓመት፣ ቀጥሎ ወር፣ ቀጥሎ ቀን፣ በመሐል ጭረት። ይህ አይኤስኦ 8601 የሚባለው ስታንዳርድ ነው። መጀመሪያ የወጣው በ1988 ነው (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያላልኩበት ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው)። በዚያ ስታንዳርድ ቀን ማለት የጎርጎርዮስ ቀን ነው። ስለዚህ አዲሱ ፕሮግራም የመስከረም 10ን ሽያጭ 2016-01-10 ተብሎ ሲያገኘው፣ ጃንዋሪ 10 ቀን 2016 ብሎ አነበበው። እውነተኛው ቀን ሴፕቴምበር 21 ቀን 2023 ነበር። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። 13ኛ ወር ሲያገኝ ግን እንዲህ ያለ ወር አያውቅምና ጣለው። 2016-02-30 ሲያገኝም ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውምና ጣለው።

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ከ2016 ዓ.ም. 365 ቀናት ውስጥ አዲሱ ፕሮግራም «ኧረ ይሄ ነገር» ሊል የሚችለው በስድስቱ ብቻ ነው፦ በአምስቱ የጳጉሜ ቀናትና በጥቅምት 30። የቀሩት 359 ቀናት ኮሽ ሳይሉ ተሳስተው ይገባሉ። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ሐጂ ጳጉሜንና ጥቅምት 30ን ዘግተው ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ አንድም ምልክት አይሰጠንም ነበር።

የድሮውንና የአዲሱን ፕሮግራም የሸጡት ሁለቱም ሻጮች በማስታወቂያቸው ላይ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ እንከተላለን ይላሉ። ሁለቱም የዋሹ አይመስላቸውም። ታዲያ ዳታው የት ላይ ተበላሸ?

ባቲ ሰኞ ገበያ የሄደ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ከቆላው አፋሩ፣ ከአካባቢው ኦሮሞው፣ ከደጋው አማራው ይመጣል። ቋንቋቸው ሌላ ሌላ ነው። የሚያግባባቸው መስፈሪያው ነው። ቁናው ቁና፣ ጣሳው ጣሳ ከሆነ ሻጭና ገዢ ብዙ ማውራት አያስፈልጋቸውም። የዳታ ልውውጥ ስታንዳርድም እንደዚያው ነው። የማይተዋወቁ ሁለት ፕሮግራሞች የሚሰፍሩበት የጋራ ቁና ነው።

ሻጩ ሰፍሮ ሲጨርስ ደግሞ ከላይ አንድ እፍኝ ይጨምራል። ምራቂ ነው። ምራቂ ደንበኛ ያስገኛል፣ ፍቅር ያመጣል። በሶፍትዌሩም ዓለም እንዲሁ ነው። ስታንዳርድ የሁሉንም አገር ፍላጎት ቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። አይኤስኦ ጳጉሜን አልያዘም፤ እኛ ግን ጳጉሜ አለን፣ በጳጉሜም እንሸጣለን። ስለዚህ እያንዳንዱ ድርጅት በጋራው ስታንዳርድ ላይ የራሱን ነገር ይጨምራል። መጨመሩ ነውር የለውም። ስታንዳርዶች ራሳቸው ያደጉት እንደዚያ ነው፤ መጀመሪያ አንዱ ይጨምረዋል፣ ጠቃሚ ሆኖ ሲገኝ የሁሉም ይሆናል።

እኔ የምለይበት መንገድ አንድ ነው። ምራቂውን የማያውቅ ተቀባይ ቁናውን ሙሉ አግኝቶ መሄድ አለበት። ጭማሪውን ቢጥለው የሚቀርበት ትርፉ ብቻ መሆን አለበት። ዋናው ነገር ምራቂው ውስጥ ከተቀመጠ፣ ወይም ጭማሪው የቁናውን ትርጉም ከለወጠ፣ ያ ምራቂ አይደለም። መስፈሪያውን መቀየር ነው። የሐጂ የድሮ ፕሮግራም ያደረገው ይህንን ነው። «ይህ ቀን የኢትዮጵያ ነው» የሚለው ትልቁ እውቀት ፋይሉ ውስጥ የለም። ፕሮግራሙ ብቻ ያውቀዋል። ፕሮግራሙ ሲሄድ እውቀቱም አብሮ ሄደ።

ተቀባዩ ምራቂውን ከቁናው እንዴት ይለይ የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። ጥሩ መልስ ካገኙለት ሰዎች ውስጥ እኔ የምወዳቸው የፒኤንጂ ሰዎች ናቸው። ስልካችሁ ላይ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ስክሪንሾት ስታነሱ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በዚህ ዓይነት ነው። ስታንዳርዱ በ1996 ወጣ። ፋይሉ በትንንሽ ጥቅሎች የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ጥቅል በአራት የላቲን ፊደል የተጻፈ ስም አለው። የላቲን ፊደል እንደኛ ፊደል አይደለም፣ ትልቅና ትንሽ የሚባል አለው። እነሱ ይህችን ልዩነት ተጠቀሙባት። የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ትልቅ ከሆነ «እኔን ካላወቅኸኝ ምስሉን አውቄዋለሁ አትበል፣ ቁም» ማለት ነው። ትንሽ ከሆነ «ባታውቀኝም ግድ የለም፣ ዝለለኝ» ማለት ነው። ሁለተኛው ፊደል ትንሽ ከሆነ ጥቅሉ የአንድ ድርጅት የግል ጭማሪ ነው። አራተኛው ደግሞ ምስሉን ለሚያርም ፕሮግራም ይናገራል፦ «ባታውቀኝም ይዘኸኝ እለፍ» ወይም «ምስሉን ከነካካኸው እኔን ጣለኝ»። በአራት ፊደል ይህን ሁሉ ተናገሩ። ጭማሪውን የጻፈው ሰው በሕይወት ባይኖር፣ ድርጅቱ ቢዘጋ፣ ተቀባዩ ምን ማድረግ እንዳለበት ከፋይሉ ያነባል።

ሌላው መንገድ ጭማሪ እንዳይኖር በሩን መዝጋት ነው። ዛሬ አብዛኛው የስልክ አፕ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገርበት ጄሰን የሚባል ቅርጽ አለ። ያስተዋወቀው ዳግላስ ክሮክፎርድ ነው። መጀመሪያ ላይ ጄሰን ውስጥ ለሰው የሚሆን ማስታወሻ መጻፍ ይቻል ነበር። ከዚያ ሰዎች በማስታወሻው ውስጥ ለፕሮግራም ትእዛዝ መደበቅ ጀመሩ። አንዱ ፕሮግራም ማስታወሻውን ያነባል፣ ሌላው ይዘለዋል፤ ከአንድ ፋይል ሁለት ትርጉም ይወጣል። ክሮክፎርድ ማስታወሻ የሚባለውን ነገር ከነጭራሹ አወጣው። እስከ ዛሬ የሚያማርሩበት አሉ። እኔ ግን የሐጂን መዝገብ ካየሁ ወዲህ ልክ ነበር እላለሁ።

ሦስተኛው መንገድ ጭማሪውን በስሙ ምልክት ማድረግ ነበር። በኢሜይል ስታንዳርድ፣ ከ1982 ጀምሮ፣ የግል ጭማሪ ስሙ በኤክስ ፊደልና በጭረት እንዲጀምር ተደረገ። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ችግሩ የመጣው ጭማሪው ሲወደድ ነው። አንድ ሚሊዮን ፕሮግራም ከነኤክሱ ይጠቀምበታል። ስታንዳርድ ሲሆን ኤክሱ መውጣት አለበት። ከዚያ በኋላ ሁለት ስም ለዘላለም ተሸክሞ መኖር ነው። ጂዚፕ የሚባለው ፋይል መጭመቂያ ድር ላይ ያለ ኤክስም ከነኤክሱም ተጽፎ፣ ሁለቱን አንድ ነው ብላችሁ ተቀበሉ የሚል ሕግ እስከ መጻፍ ተደርሷል። በ2012 አርኤፍሲ 6648 በተባለ ሰነድ (አርኤፍሲ የኢንተርኔት ስታንዳርዶችና ምክሮች በየቁጥራቸው የሚወጡበት ሰነድ ነው) አዲስ ስም ስታወጡ ይህን ልማድ ተዉት ተባለ።

ከሁሉ የሚበልጠው የሕክምናው ነው። ሆስፒታሎች የሚቀባበሉበት ኤችኤልሰቨን የሚባል የቆየ ስታንዳርድ አለ። እዚያ ውስጥ ስሙ በዜድ የሚጀምር ክፍል ሁሉ የየሆስፒታሉ የግል ነው። ተቀባዩ ካላወቀው ይዘለዋል። ግን የተዘለለው ክፍል «ታካሚው ይህን መድኃኒት አልወሰደም» የሚል ቢሆንስ? ዋናው ክፍል «መድኃኒቱ ታዟል» ይላል፣ «አልወሰደም» የሚለው ተዘሏል። ሐኪሙ ተሳስቶ ያነባል። ፋየር የተባለው አዲሱ ስታንዳርድ ይህን አይቶ ጭማሪን ለሁለት ከፈለው። አንደኛው ተራ ጭማሪ ነው፣ ቢዘለል አይጎዳም። ሁለተኛው ትርጉም የሚቀይር ጭማሪ ነው፤ ይህን ያላወቀ ፕሮግራም መዝገቡን እንደተረዳው ሰው ሆኖ መቀጠል አይችልም። የፒኤንጂ ትልቅና ትንሽ ፊደል በሌላ ልብስ መጣ ማለት ነው።

የኛን ቀን በተመለከተ ደግሞ የሚያስደስት ነገር አለ። በኤፕሪል 2024 አርኤፍሲ 9557 የተባለ ሰነድ ወጣ። ቀኑና ሰዓቱ እንደ ድሮው በጎርጎርዮስ ይጻፋል። ከኋላው በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ጭማሪ ይከተላል፦ «ይህን ቀን ለሰው ስታሳይ በዚህ አቆጣጠር አሳየው»። ከሚታወቁት የአቆጣጠር ስሞች አንዱ የኢትዮጵያ ነው። ቅንፉን የማያውቅ ፕሮግራም ይተወዋል፣ ቀኑ ግን አይሳሳትም። ላኪው ጭማሪው የግድ መታወቅ አለበት ካለ ቅንፉ ውስጥ ቃለ አጋኖ ያስቀድማል። ያኔ ያልገባው ተቀባይ አልገባኝም ማለት አለበት እንጂ እንደገባው ሆኖ ማለፍ አይችልም። ጳጉሜ በዓለም ስታንዳርድ ውስጥ በክብር የምትገባበት በር ተከፍቷል። የኛ ፕሮግራመሮች እንዲገቡበት ከልቤ እመኛለሁ።

በፊደላችን ላይ የደረሰውን ደግሞ ደሴ ፒያሳ የጽሕፈትና ኮፒ ሥራ የሠራ ሁሉ ያስታውሰዋል። ደንበኛ ፍላሽ ይዞ ይመጣል። ፋይሉ ሲከፈት አማርኛው የለም፤ የላቲን ፊደልና ምልክት ተዘባርቆ ይታያል። የመጀመሪያው ጥያቄ «በምንድን ነው ያስጻፍከው?» ነው። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች እያንዳንዳቸው «ሀ»ን በየፊናቸው የላቲን ፊደል በሆነ ቁጥር ላይ አስቀምጠውት ነበር። ፎንቱ ካለ ታያለህ፣ ከሌለ አታይም። ያን ጊዜ ለግዕዝ የተመደበ ቁጥር ስላልነበረ ሠሪዎቹን አልወቅስም፤ ባይሠሩልን ኖሮ በኮምፒውተር አማርኛ አንጽፍም ነበር። ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚመድበው ስታንዳርድ ዩኒኮድ ይባላል፤ በ1999 የወጣው ሦስተኛ እትሙ ግን ለፊደላችን የራሱን ቦታ ሰጠው፣ 345 ምልክት። ከዚህም ሌላ ዩኒኮድ 6,400 ተከታታይ ቁጥሮችን «ለማንም ፊደል አንሰጣቸውም፣ የግል ጭማሪያችሁን እዚህ አድርጉ» ብሎ ከልሎ አስቀምጧል። ጭማሪ የሌላ ሰው ቁጥር ላይ ሳይቀመጥ በራሱ ቦታ ሲቀመጥ እንዲህ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ መሥሪያ ቤትና ሱቅ ኮምፒውተሩን አጣ። ከዚያ በኋላ ፍላሽ ጨብጠው የመጡልኝ ሰዎች ነበሩ። ኮፒው ፍላሹ ላይ አለ። የሚከፍተው ፕሮግራም ግን ከኮምፒውተሩ ጋር ሄዷል፤ የፋይሉ ቅርጽ የዚያ ፕሮግራም ብቻ ነው። የአምስት ዓመት የደንበኛ መዝገብ እጃቸው ላይ እያለ ማንበብ አልቻሉም። ስለዚህ ጉዳይ ስጽፍ የማስበው እነሱን ነው።

እንግዲህ ወደ ሻጮቹ «ስታንዳርድ እንከተላለን» እንምጣ። ስታንዳርድ የሚጽፉ ሰዎች በ1997 አርኤፍሲ 2119 በሚባል አጭር ሰነድ ቃላቸውን ለይተዋል። «ግድ ነው» አለ፣ «ይመከራል» አለ፣ «ይቻላል» አለ። ለስታንዳርድ መገዛት ማለት «ግድ ነው» የተባለውን በሙሉ መፈጸም ነው። «እንደግፋለን» የሚለው የሻጭ ቃል ግን ምንም አያስርም። ከ«ግድ ነው» ግማሹን የፈጸመም እደግፋለሁ ይላል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው «በየትኛው ወገን?» ነው። ላኪና ተቀባይ እኩል ግዴታ የለባቸውም። የ2017ቱ የጄሰን ሰነድ ይህን በግልጽ ይለያል፦ የሚጽፍ ፕሮግራም ከሕጉ ዝንፍ ማለት አይችልም፤ የሚያነብ ፕሮግራም ግን ከሕጉ የወጣውንም ቢቀበል ይፈቀድለታል። ሐሳቡ ከጆን ፖስተል ነው የመጣው። የኢንተርኔት መሠረት ከጣሉት አንዱ ነው፤ በ1980 ስትልክ ጥንቁቅ ሁን፣ ስትቀበል ቸር ሁን የሚል ምክር ጻፈ። እንግዳ ተቀባይ ለሆነው ለወሎ ሰው ይህ ምክር ይጣፍጠዋል። እኔም ለብዙ ዓመት አምኜበት ሠርቻለሁ። ችግሩ ተቀባዩ ቸር ሲሆን ላኪው ጥፋቱን አያውቅም። ጥፋቱ ይለመዳል፣ ሌላውም ይኮርጀዋል፣ በመጨረሻ አዲስ የሚመጣ ፕሮግራም ሕጉንም ጥፋቱንም መማር ይኖርበታል። በ2023 የወጣው አርኤፍሲ 9413 ይህንኑ ያስረዳል። ስለዚህ ስህተት ሲያገኝ በግልጽ የሚናገር ፕሮግራም ደግነቱ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የሐጂን መዝገብ ያተረፉት እኮ ያ ፕሮግራም አልቀበልም ያላቸው 11 መስመሮች ናቸው።

ሌላው የመገዛት ደረጃ ነው። አንድ ስታንዳርድ ብዙ ደረጃ ሊኖረው ይችላል። በ2008 የጸደቀው የማይክሮሶፍት ኦፊስ ፋይል ስታንዳርድ ጥብቅ የሚባልና የሽግግር የሚባል ደረጃ አለው፤ ኤክሴል ዝም ብላችሁ ሴቭ ስታደርጉ የሚያስቀምጠው በሽግግሩ ነው። ሊብሬ ኦፊስ የተባለው ነጻ የቢሮ ፕሮግራምም የራሱን ክፍት ስታንዳርድ ሲያስቀምጥ ካልነካችሁት ጭማሪ ያለበትን ዓይነት ነው የሚመርጠው። ሁለቱም ስታንዳርድ ነኝ ቢሉ እውነት ነው። «በየትኛው ደረጃ?» ካላላችሁ ግን መልሱ ጎዶሎ ነው።

ሲኤስቪ የሚባለው፣ በነጠላ ሰረዝ የተለያየው ፋይል፣ ከሁሉም ቀላልና ከሁሉም የሚያሳስት ነው። በ2005 አርኤፍሲ 4180 ቅርጹን ጽፎለታል። ስለ ቀን ግን ምንም አይልም። ስለ ብር፣ ስለ ኩንታል፣ ስለ ዓምዶቹ ትርጉምም ምንም አይልም። የሐጂ ፋይል በሲኤስቪ ሕግ አንድም እንከን አልነበረበትም። ለቅርጽ መገዛትና ለትርጉም መገዛት ሁለት ነገር ናቸው። ሻጮች የሚፎክሩት በመጀመሪያው ነው፤ እኛን የሚያከስረን ሁለተኛው ነው።

ማን ይመርምር? ለዳታቤዝ ቋንቋው ለኤስኪውኤል የአሜሪካ መንግሥት የደረጃ ተቋም ምርት እየፈተነ ምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር። በ1996 አቆመ። ከዚያ ወዲህ ሻጩ ራሱ ስለራሱ ይመሰክራል። አንዳንዴም ጭማሪው ሆን ተብሎ ደንበኛን ለማሰር ይሠራል ተብሎ ፍርድ ቤት ተደርሷል፤ ሰን የተባለው ኩባንያ ማይክሮሶፍትን ጃቫ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጉዳይ በ1997 ከስሶ በ2001 በ20 ሚሊዮን ዶላር ተስማምተዋል።

እኛ ደሴና ኮምቦልቻ ተቀምጠን ምስክር ወረቀት የሚሰጥ አካል አንጠብቅም። የደርሶ መልስ ፈተና አለ፣ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ከአዲሱ ፕሮግራም ዳታ አውጡ፣ ባዶ ኮፒ ውስጥ መልሳችሁ አስገቡ፣ እንደገና አውጡ። ሁለቱን ፋይሎች አስተያዩ። የተለየ ነገር ካለ እዚያ ላይ ምራቂ ጠፍቷል ወይም ቁናው ጎድሏል። ለፈተናው የምትጠቀሙበትን መዝገብ ደግሞ ክፉ ክፉውን ምረጡ። ጳጉሜ 5 ይኑርበት። ጥቅምት 30 ይኑርበት። በ09 የሚጀምር ስልክ ይኑርበት፤ ኤክሴል ሲኤስቪ ሲከፍት ከፊት ያለችውን ዜሮ ይውጣታል። ስሙ ውስጥ ነጠላ ሰረዝ ያለበት ሱቅ ይኑርበት። በኩንታልም በኪሎም የተሸጠ ጤፍ ይኑርበት። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ዓምዶቹ ምን ማለት እንደሆኑ በወረቀት ተጽፎ ይሰጣችሁ። በቃል የተነገረ አይበቃም።

የሐጂን ፋይል ያስተካከልኩት ቀኑን በሁለት ዓምድ ከፍዬ ነው። የቀን ዓምዱ ጎርጎርዮስ ሆነ። አጠገቡ «የኢትዮጵያ ቀን» የሚል ተጨማሪ ዓምድ አደረግሁ፣ እሱን ሐጂ ያነቡታል፣ ፕሮግራሙ ቢዘለውም አይጎዳም። 11ዱን መስመር ከጥቁሩ ደብተራቸው ጋር አመሳከርን። ሐጂ እያነበቡ፣ እኔ እየጻፍኩ፣ እስከ መግሪብ ቆየን። በማግስቱ ለአዲሱ ሻጭ ደውለው አንድ ጥያቄ ጠየቁት፦ «ነገ ከአንተ ብወጣ ምን ይዤ ነው የምወጣው?»

በሦስተኛው ቀን አንድ ገጽ ወረቀት ላከላቸው። የሁሉም ዓምድ ትርጉም ተጽፎበታል። የመጀመሪያው መስመር ስለ ቀን ነው።